የትራክተር ወንበር፦ ይፈታ፣ ይሸፈን ወይስ ጣራ ይሠራለት?

ክረምት ሲመጣ ሁሉም ሰው ስለ ሞተሩ ነው የሚያስበው። ባትሪው ይፈታል፣ የጭስ ማውጫው ላይ ጣሳ ይደፋል፣ ናፍታው ይሞላል። ወንበሩን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። መስከረም ላይ ሹፌሩ ዘሎ ይቀመጥና ሱሪው በስብሶ ይነሳል። ያኔ ነው ወንበር የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ የሚለው።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወይም ወዲያ ወደ ሐርቡና ከሚሴ፣ ወዲህ ወደ ሐይቅና መርሳ ትራክተር ያላችሁ ሰዎች የምትጠይቁት ነገር አንድ ነው፦ ወንበሩን ልፍታው ወይስ ሸፍኜ ልተወው? መልሱ ለሁሉም እኩል አይሠራም። ትራክተሩ ሳይነሳ ለስንት ጊዜ ይቆማል፣ የሚቆመውስ የት ነው የሚለው ነው የሚወስነው። ከሦስት ሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ ፍቱት። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ የሚሠራ ከሆነ ደህና ሸራ አሰፉለት። ጣራ መሥራት የምትችሉ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጣራውን ሥሩና ስለ ሌላው በኋላ አስቡ። ቸኩላችሁ ከሆነ ይህ ይበቃችኋል። ጊዜ ያላችሁ ግን ቀጥሉ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ወንበር የሚበላሸው ሳይሸፈን ቀርቶ ሳይሆን በማይሆን ነገር ተሸፍኖ ነው።

ወንበሩን የሚገድለው ምንድን ነው?

ዝናብ ነው ትላላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። የወንበሩ ልብስ ብዙውን ጊዜ ሰው ሰራሽ ቆዳ ነው፣ እሱ ራሱ ውሃ አያስገባም። ውሃ የሚገባው በስፌቱ ነው። መርፌው የወጋው እያንዳንዱ ቀዳዳ ትንሽ በር ነው። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ደግሞ አንዴ የጠጣውን ውሃ በዚያው በር መልሶ አይተፋም፣ ይዞት ይቀመጣል። ዝናብ ካባራ ከሁለት ቀን በኋላ ላዩ ደርቆ አቧራ የያዘ ወንበር ላይ ሄዳችሁ የፊተኛውን ጠርዝ በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። በስፌቱ መስመር ላይ ትንንሽ አረፋ ይዞ ውሃ ብቅ ይላል። ያ ውሃ ወደ ታች ወርዶ መቀመጫውን የያዘውን ላሜራ ያዝገዋል፣ ብሎኑን ያጣብቀዋል፣ ሞላውን ይበላዋል። ስፖንጁም ይሻግታል።

ሌላው ግማሽ ፀሐይ ነው። ሰው ሰራሽ ቆዳ ለስላሳ የሚሆነው ውስጡ የሚያለሰልስ ኬሚካል ስላለ ነው። ሙቀትና የፀሐይ ጨረር ያንን ቀስ በቀስ ያወጡታል። ልብሱ ይደርቅና ይጠነክራል፣ ከዚያ ሹፌሩ ሲወጣና ሲወርድ ጭኑ በሚፈተግበት ጠርዝ በኩል መሰንጠቅ ይጀምራል። ከተሰነጠቀ በኋላ የስፌት ቀዳዳ ጉዳይ ቀረ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስለዚህ የክረምቱ ጉዳት በበጋ ነው የሚጀምረው። በሰኔ ብቻ ሸራ የሚፈልግ ሰው የዘገየ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው ደሴና ኮምቦልቻ የሚለያዩት። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፣ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ወደ ሌላ አገር የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል፣ እርጥብ ነገር እርጥብ እንደሆነ ይከርማል፣ በረዶም ይጥላል። ከኅዳር በኋላ ደግሞ የሌሊቱ ብርድ ለብቻው ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች። ዝናቡ እዚያም አለ፣ ግን ወዲያው ፀሐይ ይወጣል፣ ፀሐዩም ጨዋታ አያውቅም። ባጭሩ ደሴ ላይ ዋናው ጠላት የማይደርቅ እርጥበት ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ፀሐይ። ይህ ማለት ግን የደሴ ፀሐይ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር ሲጨምር ቆዳና ፕላስቲክ የሚያቃጥለው ጨረር ወደ አሥር በመቶ ይጨምራል። ብርድ ስለሆነ አይታወቀንም እንጂ በጋ ላይ ደሴም ወንበር ያነዳል።

ሙሉውን መፍታት

ለሚቆም ትራክተር ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ጨፋ ሜዳ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ያውቁታል። ጥቁሩ አፈር ውሃ ከጠገበ በኋላ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትራክተር ማስገባት ማለት ትራክተር መቅበር ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ይቆማል። ሲቆም ወንበሩ ዝናብ እየጠጣ የሚከርምበት ምክንያት የለም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የድሮ ማሲ ፈርጉሰን ላይ ያለው ቀላሉ ወንበር በጥቂት ብሎን ነው የሚያዘው። ዘመናዊ ሞላና አሞርዛተር (ንዝረት ማብረጃ) ያለው ወንበር ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ብዙውን ጊዜ በአራት ብሎን ይታሰራል። የ13፣ የ17 እና የ19 ቁልፍ ከያዛችሁ አብዛኛውን ትፈታላችሁ። መጀመሪያ የሞተሩን ማስነሻ ቁልፍ ከትራክተሩ ንቀሉ፣ ፍሬን ያዙ። ወንበሩን ወደ ፊት ገፍታችሁ የኋላዎቹን ፍቱ፣ ወደ ኋላ ስባችሁ የፊተኞቹን። የዛገ ብሎን ካለ ማታ ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት እንጂ በጉልበት አትታገሉት፣ አንገቱ ከተቆረጠ ሥራው የግማሽ ቀን ይሆናል። በእሳት አሙቄ ልፍታው የሚል ሰው ካለ ደግሞ አስቁሙት። ስፖንጁ በቀላሉ ነው የሚይዘው፣ ጭሱም መርዝ ነው።

ሞላ ያለው ወንበር ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። የሹፌሩን ክብደት የምታስተካክሉበትን እጀታ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሱት፣ ሞላው ተወጥሮ አይቆይ። ስታነሱት ደግሞ ጣታችሁን እንደ መቀስ በሚታጠፈው ብረት መሃል አታስገቡ። እስከ 30 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፣ ለሁለት ሆናችሁ አውርዱት። ጀግና መሆን አያስፈልግም።

አዲስ ትራክተር ከሆነ ከወንበሩ ሥር ሽቦ ታገኛላችሁ። ሹፌሩ መቀመጡን የሚያውቅ ስዊች ነው። አንዳንዱ ላይ ካልተገናኘ ሞተሩ አይነሳም፣ ወይም ፒቲኦው፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለተጎታች መሣሪያ የሚሰጠው ዘንግ፣ አይሠራም። ሶኬቱን በቀስታ ለዩት፣ በትራክተሩ በኩል የቀረውን ጫፍ በትንሽ ፌስታል ጠቅልላችሁ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ እሰሩት። ውሃ ከገባበት መስከረም ላይ «ሞተሩ ምን ሆነ?» እያላችሁ መካኒክ ስትጠሩ ነው የምትውሉት። አንዳንድ ብልጥ ሽቦውን ቀጥታ አገናኝቶ ስዊቹን ያታልለዋል። አታድርጉት። ያ ስዊች የተሠራው ሹፌሩ ሲወድቅ ማሽኑ እንዲቆም ነው።

አንድ የምትረሳ ነገር፦ ወንበሩን ካነሳችሁ በኋላ ብሎኖቹን ግራሶ ቀብታችሁ ወደየቀዳዳቸው መልሱ። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ አይጠፉም፣ ሮንዴላውም ሳይቀላቀል በቦታው ይቆያል። ሁለተኛ ቀዳዳው አይከፈትም። አንዳንድ ሞዴል ላይ የወንበሩ እግር ሃይድሮሊኩ ክዳን ላይ ነው የሚታሰረው፣ እዚያ ክፍት ቀዳዳ መተው ለውሃና ለአፈር ግቡ ማለት ነው።

የፈታችሁትን የት ታስቀምጡታላችሁ? ብዙ ሰው መጋዘን ይወስድና ማዳበሪያ ላይ ይጭነዋል። ማዳበሪያ እርጥበት ይስባል፣ ጨውነቱም ብረት ይበላል። ሞላውና ሐዲዱ ከዝናቡ ተርፎ እዚያ ይዝጋል። እህል አጠገብ ካስቀመጣችሁት ደግሞ አይጥ አለ። አይጥ ስፖንጅ አይበላም፣ ግን ቆፍሮ ይወልድበታል፣ ለእናንተ ውጤቱ ያው ነው። ጥሩው ቦታ ከጣራው ማገር ላይ በሽቦ ማንጠልጠል ነው። ማንጠልጠል የማይቻል ከሆነ ነፋስ የሚያገኘው ደረቅ ጥግ ላይ በጎኑ አቁሙት። ላስቲክ አታልብሱት፣ አሮጌ አንሶላ ይበቃዋል።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። በየቀኑ አይፈታም፣ ብሎንም ቶሎ ቶሎ ሲፈታ ጥርሱ ያልቃል። እየሠራ ላለ ትራክተር ይህን መንገድ እርሱት።

መቀመጫውን ብቻ ማውጣት

አንዳንድ ወንበር መቀመጫውና መደገፊያው ከላሜራው ላይ በቅንጥብ ወይም በሁለት ብሎን ብቻ ነው የተያዘው። ወንበራችሁ እንደዚህ ከሆነ እድለኞች ናችሁ። ሹፌሩ ማታ ስፖንጅ ያለበትን ክፍል ብቻ ነቅሎ ቤት ይዞ ይገባል። ሞላውና ሐዲዱ ውጭ ይቀራል፣ እሱ ግን ግራሶ ከተቀባ ዝናብ ይችላል። ሌባ ለሚፈራም ጥሩ ነው፣ ወንበር የሌለው ትራክተር ላይ ለመቀመጥ የሚቸኩል የለም። ያልወደድኩት ነገር ቅንጥቡ ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ብርድ ላይ ይሰበራል፣ አንዴ ከተሰበረ መቀመጫው ሁልጊዜ ይንሸራተታል። በብሎንና በዳዶ ቀይሩት።

ወደ ፊት ማጠፍ

ነጻ ነው፣ አምስት ሰከንድ ይፈጃል፣ ግን የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ትራክተር ላይ ወንበሩ ወደ ፊት ይታጠፋል፣ ወይም መደገፊያው መቀመጫው ላይ ይተኛል። ሲታጠፍ ውሃ የሚጠራቀምበት ጎድጎዳ ቦታ አይኖርም። ብቻውን በቂ አይደለም፣ ሆኖም ከምንም ይሻላል፣ ሸራ ስትደርቡበት ደግሞ ሸራው ራሱ በደንብ ይሠራል። ሹፌራችሁን ይህን አንድ ነገር ብቻ እንኳ ብታስለምዱት ትልቅ ነገር ነው።

መሸፈን፦ በምን?

ክርክሩ ያለው እዚህ ነው።

የማዳበሪያ ከረጢት። ሁሉም ቤት አለ፣ በነጻ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ይጠቀመዋል። ከረጢቱ ግን ተሸምኖ የተሠራ ነው፣ ዝናብ ያሳልፋል። ፀሐይ ላይ ደግሞ ወራት አይቆይም፣ ይበጣጠስና ነጭ ክሩ ወንበሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በዚያ ላይ ሳይታጠብ ከተደረገ የማዳበሪያው ትርፍራፊ ከዝናቡ ጋር ቀልጦ ወደ ብረቱ ይወርዳል። ለአንድ ሌሊት ካልሆነ አልመክርም።

ተራ ላስቲክ። ውሃ አያሳልፍም፣ እውነት ነው። ችግሩ ከውስጥ ነው። ወንበሩ ላይ ትንሽ እርጥበት ካለ ቀን ይሞቅና እንፋሎት ይሆናል፣ ማታ ይበርድና ላስቲኩ ውስጥ ጠብታ ሆኖ መልሶ ወንበሩ ላይ ይወርዳል። ደሴ ላይ ነሐሴን ሙሉ ተጠቅልሎ የከረመ ወንበር ስትገልጡት ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ለብሶ፣ ሽታው አፍንጫ እየመታ ነው የምታገኙት። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ላስቲኩ ራሱ ፀሐይ ላይ ይደርቅና ሲነካ ይፈረካከሳል።

የግሪንሃውስ ላስቲክ የተሻለ ነው የሚሉ አሉ። ፀሐይ ይችላል፣ ልክ ናችሁ። ግን እኮ ብርሃን እንዲያሳልፍ ነው የተሠራው! ከሥሩ ያለው ወንበር ፀሐዩን ያገኘዋል፣ ሙቀቱም ይታፈንበታል። ቲማቲም ለማብቀል ካልሆነ በቀር።

የጥጥ ሸራ። እኔ የምወደው ይህን ነው፣ በሁኔታው ግን። ይተነፍሳል፣ ፀሐይ በደንብ ይከላከላል፣ ሲርስ ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ይዘጋል። ሰም ወይም ፓራፊን ከተቀባ ዝናቡንም በደንብ ይችላል። ጠላቱ እርጥብ ሆኖ መታጠፍ ነው። ሹፌሩ ጠዋት እርጥቡን ሸራ ጠቅልሎ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል፣ ማታ ያወጣዋል፣ በሁለተኛው ወር ሸራው ከማጠፊያው ላይ በስብሶ ይቀደዳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ፣ ማስጫ ቦታና ፀሐይ ባለበት፣ ጥሩ ምርጫ ነው። ደሴ ላይ በሐምሌ የሚደርቅበት ቀን የለም።

የጭነት መኪና ሸራ። ከሁለት ወገን ፕላስቲክ የተቀባው ወፍራሙ ማለቴ ነው። ኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ ወደ ጅቡቲ የሚወጣው መንገድ መነሻ ናት፣ የጭነት መኪና አይጠፋባትም፣ የጭነት መኪና ባለበት ደግሞ ሸራ የሚሰፋና የሚጠግን አለ። ለአንድ ወንበር የሚሆን ቁራጭ ከአሮጌ ሸራ ደህና ደህናው ተቆርጦ ይወጣል፣ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ፀሐይ ይችላል፣ ዝናብ አያሳልፍም፣ ነፋስ አያነሳውም። አይተነፍስም፣ ይህ እንደ ላስቲኩ ነው፣ ግን በአሰፋፍ ይፈታል። ለሁለቱም ከተማ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ይህንን እመርጣለሁ።

ሱቅ የሚሸጠው ዝግጁ ልብስ፣ ዙሪያውን የሚለጠጥ ላስቲክ ያለው ቀጭን ጨርቅ፣ ለጊዜው ጥሩ ነው። ቀሎ ይታጠፋል፣ ኪስ ይገባል ማለት ይቻላል። ሆኖም ውስጡ የተቀባው ውሃ መከላከያ በአንድ ሁለት ክረምት ይላላጣል። ቀን የሚሠራ፣ ማታ ጣራ ሥር የሚገባ ትራክተር ላላችሁ በቂ ነው።

ሸራ ስታሰፉ ለሰፊው ምን ትሉታላችሁ?

ዝም ብላችሁ «ለወንበር የሚሆን» ካላችሁት እንደ ትራስ ልብስ ጥብቅ አድርጎ ይሰፋላችኋል። ጥብቅ አትፈልጉም። ሰፋ ያለ ይሁን፣ ከመቀመጫው ግርጌ ወደ ታች አንድ ስንዝር ይውረድ፣ ሥሩ ክፍት ይሁን። አየር የሚገባው በዚያ ነው። ላዩ አንድ ወጥ ቁራጭ ይሁን፣ ስፌት በጎንና በጎን ብቻ። ላይ ላይ ስፌት ካለ ወንበሩ ያመጣውን ችግር ሸራው ላይ ደገማችሁት ማለት ነው። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፣ የጥጥ ክር ውጭ ላይ ይበሰብሳል። የግርጌው እጥፋት ውስጥ ገመድ ይለፍበት፣ ኋላ ላይ ይታሰር፣ ግን እስኪታነቅ አይጎተት። ቀለም መምረጥ ከቻላችሁ ነጣ ያለውን፣ በተለይ ኮምቦልቻ።

ከዚያ ደግሞ ባዶ የአምስት ሊትር ጀሪካን ፈልጉ። ሸራውን ከማልበሳችሁ በፊት መቀመጫው መሃል ላይ አስቀምጡት። ሸራው በላዩ ሲወጠር ውሃ የሚተኛበት ጉድጓድ አይኖርም፣ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ በሸራውና በወንበሩ መሃልም አየር ይዞራል። ያለ ጀሪካኑ መቀመጫው ላይ አንድ ባልዲ የሚሆን ውሃ ይጠራቀምና ሹፌሩ ጠዋት ሸራውን ሲያነሳ እግሩ ላይ ያፈሰዋል። አይቻለሁ፣ ያስቃል፣ እሱን ግን አያስቀውም።

ወንበሩ ታጥቦና ደርቆ ካልሆነ አትሸፍኑት። እርጥብ ወንበር መሸፈን እርጥበቱን መቆለፍ ነው። ዝናብ ላይ እየሠራችሁ ከመሸባችሁ ላዩን በጨርቅ አድርቁት፣ ሸራውን ጣል አድርጉበት፣ በነጋታው ፀሐይ ብቅ ሲል ደግሞ ገልጣችሁ አስተንፍሱት።

ጣራ

ቦታ ካላችሁ ክርክሩ እዚህ ያበቃል። አራት ምሰሶና ጥቂት ቆርቆሮ ወንበሩን ብቻ ሳይሆን ጎማውን፣ ዳሽቦርዱን፣ ቀለሙን ሁሉ ይጠብቃል። ዝቅተኛው ጠርዝ ሦስት ሜትር ያህል ይሁን፣ የጭስ ማውጫውና ከሹፌሩ ኋላ የቆመው መከላከያ ብረት እንዳይነካው። ኮምቦልቻ ላይ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ካቆማችሁ ምስጥ አለ፣ ከመሬት በታች የሚገባውን የተቃጠለ ዘይት አጠጡት። ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ አግድም ነው የሚገባው፣ ስለዚህ የምዕራቡን ጎን በአሮጌ ቆርቆሮ ብትጋርዱት ይመረጣል። ደሴ ላይ የሚያሳስበው በነፋስ የሚገፋው ዝናብ ነው፣ ጣራውን በየጎኑ ወጣ ወጣ አድርጉት።

ዋርካ ሥር ማቆም ጣራ አይደለም። ጥላው ደስ ይላል፣ ግን ፍሬው ይወድቃል፣ ወፍ ይሰፍራል፣ ኩሱ ልብሱን ይበላዋል። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ዛፉ ለሰዓታት ማንጠባጠቡን አይተውም።

ትራክተሩ ላይ ራሱ የሚገጠም ጃንጥላ መሰል መከለያም አለ። ለሹፌሩ እሰየው ነው፣ ለቀትር ፀሐይም ይሠራል። ለወንበሩ ግን ግማሽ መፍትሔ ነው፣ ዝናብ ከጎን ይገባል። ይህን የምታሠሩ ከሆነ በያጁ መከላከያው ብረት ላይ ብየዳ እንዳይጀምር ወይም እንዳይበሳው። ትራክተሩ ሲገለበጥ የሹፌሩን ነፍስ የሚይዘው ያ ብረት ነው፣ የተበየደና የተበሳ ብረት ደግሞ እንደ ፋብሪካው አይሸከምም። በብሎን የሚታቀፍ ማሰሪያ አሠሩለት።

ማበሻው

ሹፌሮች ወንበር በናፍታ መወልወል ይወዳሉ። «ጋሼ፣ ናፍታ ካላየ አያበራም እኮ» ይሏችኋል። ያበራል፣ እውነት ነው፣ ለአንድ ቀን። ናፍታና ዘይት ያንን የሚያለሰልሰውን ነገር ከቆዳው ውስጥ ያወጡታል፣ ፀሐዩ በዓመት የሚሠራውን እናንተ በወራት ትጨርሱለታላችሁ። ለብ ያለ ውሃና ተራ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በቃ። ሻጋታ ካለ ኮምጣጤ በውሃ በጥብጡና አብሱት። በረኪና ክሩንም ቀለሙንም ያደክማል፣ ተዉት። ባለ ከፍተኛ ግፊት ውሃ የሚያጥብ ቤት ስትገቡም ወንበሩ ላይ አትርጩብኝ በሉ፣ ያ ግፊት ውሃውን በስፌቱ በኩል በኃይል ያስገባዋል።

ቀድሞ የራሰና የተቀደደ ከሆነስ?

አብሽሩ፣ አልዘገየም። ወንበሩን ፍቱት፣ ከሥሩ ልብሱን የያዘውን ሽቦ ወይም ስቴፕል ንቀሉ፣ ስፖንጁን አውጡ። ሳትጠመዝዙ ጫን ጫን አድርጋችሁ ውሃውን አስወጡ፣ ከዚያ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ በጎኑ አቁሙት። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ራቁቱን ስፖንጅ ፀሐይ ካገኘው ቢጫ ይሆንና እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ደሴ ላይ በክረምት ቀናት ሊፈጅ ይችላል፣ ታገሱ።

ልብሱ ብቻ ከሆነ የተቀደደው፣ የመኪና ወንበር የሚሰፉ ሰዎች ጋ ውሰዱት፣ አዲስ ወንበር ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። ሰፊው በስፖንጁና በልብሱ መሃል ላስቲክ ላድርግ ይላችኋል። ጥሩ ነው፣ ግን ከላይና ከጎን ብቻ ይሁን፣ ሥሩ ክፍት ይቅር። መቀመጫው ላሜራ ላይ የመፍሰሻ ቀዳዳ አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ከተደፈነ ክፈቱት፣ ከሌለ ዝቅ ባለው ቦታ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ይበሳላችሁ። ሐዲዱ ከዛገና መቀመጫው ከጎን ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ልብስ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፣ እዚያ ላይ አዲስ ወንበር ይገዛ። ምርጫ ካላችሁ ቀላሉን በሞላ ብቻ የሚሠራውን ግዙ። በአየር የሚሠራው ምቾቱ ሌላ ነው፣ ነገር ግን ሥሩ ኮምፕሬሰርና ሽቦ አለ፣ ጣራ ለሌለው ሰው አይሆንም።

የብረት ሳህን ወንበር ያለው አሮጌ ትራክተር ያላችሁ ደግሞ አትቀይሩት። ቀዳዳ አለው፣ ውሃ አይዝም፣ ፀሐይ አይበላውም። ለመቀመጫ ወፍራም ትራስ አሰፉ፣ ሹፌሩ ማታ ብብቱ ሥር አድርጎት ይገባል።

የፈታችሁትን ስትመልሱ

መስከረም ላይ ወንበሩን ስትገጥሙ ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ አስጀምሩ፣ ከዚያ በቁልፍ አጥብቁ። አንዱን አጥብቃችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ሐዲዱ ይጣመማል፣ ወንበሩም ወደ ፊትና ወደ ኋላ አልሄድ ይላችኋል። ሐዲዱን በጥቂቱ ግራሶ ቀቡት። ሽቦውን አገናኙና ሞተሩ ሹፌሩ ሳይቀመጥ ምን እንደሚያደርግ፣ ሲቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ሞክሩ። በመጀመሪያው ቀን ከሠራ በኋላ ብሎኖቹን ደግማችሁ ጥብቅ ጥብቅ አድርጉ።

ቀበቶው ወንበሩ ላይ የሚታሰር ከሆነ እሱንም እዩት። ክረምቱን ውጭ የከረመ ቀበቶ ጠርዙ ተፈትሎ፣ ቀለሙ ነጥቶ፣ ሲነካ ደርቆ ከሆነ አልቋል። ዘለበቱን ቆልፋችሁ በኃይል ሳብ አድርጉት። ከተላቀቀ አዲስ ግዙ፣ ቋጥራችሁ አትሥሩበት።